የሃያ ሦስቱ ተራ

ቀኑ የባዕታ ማግስት ነበር። ጧት ቢቸና ላይ ብርድ እንጂ ደመና አልነበረም። ረፋዱ ላይ ግን በጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቆረ፤ ነፋሱም ፊቱን አዞረ። በታኅሣሥ ደመና የሚወድ ገበሬ የለም። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ገና አልተወቃም። እህል ያሰጡ ነጋዴዎች ሸራቸውን ማጠፍ ጀመሩ፤ ባለ ባጃጆቹም መንገዱ ሳይጨቀይ የሚገኘውን ሰው ለመጫን ይሽቀዳደማሉ። የትናየት ገላው ግን በገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ውስጥ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ነበርና ደመናውን አላየችውም።

የትናየት የሞጣ ልጅ ናት። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቤታቸውም የጊዮርጊስ ደወል ሲደወል ጣራው የሚሰማው ቤት ነው። ዝም አይነቅዝም እየተባለች አደገች፤ እሷም ይህን አምና ያዘች። ክፍል ውስጥ እጇን ሳታወጣ፣ አንዲት ጥያቄ ሳትጠይቅ ከአንደኝነት አትወርድም ነበር። መምህራኑ ጨዋ አሏት፤ ዘመድ ጨዋ አላት። በዝምታው ሲመሰገን የኖረ ሰው መጠየቅን እንደ ድፍረት ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ሳይንስ ሲደርሳት ቤተሰቡ ደስ አለው፤ ትምህርቱ ምን እንደሆነ ግን የገባው አልነበረም። እናቷ ለጎረቤት ሲያስረዱ «ቴሌቪዥን በሚመስለው ነገር ላይ ነው» ይሉ ነበር። እሷ ወደደችው። ማሽኑ አይታዘብም፤ የጻፉለትን ይሠራል፤ ሲሳሳቱም የቱ መስመር ላይ እንደተሳሳቱ ይናገራል። ከሰው ጋር እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሰው ሲቀየም የቱ ላይ እንደተቀየመ አይነግርም።

በመመረቂያው ዓመት አራት ሆነው አንድ ሥራ እንዲሠሩ ተመደቡ። የትናየት ኮዱን ብቻዋን ጻፈች። ምሥራቅ የምትባል የደጀን ልጅ ሰዎቹን እየዞረች አነጋገረች፤ ሁለቱ ወንዶች ጽሑፉን አዘጋጁ። ሥራውን በሚያቀርቡበት ቀን አንዱ መምህር ወደ የትናየት ጣቱን ቀስሮ፣ «ይህን ነገር የሚሠሩበት ሰዎች ምን ቸገረን አሏችሁ?» ብሎ ጠየቃት። ወደ ጓደኞቿ ዞረች። ምሥራቅ ፈጠን ብላ መለሰችላትና አለፈ። የትናየትም እፎይ አለች፤ ጥሩ ውጤትም አገኘች። ከምረቃው በኋላ ምሥራቅ ወዲያው ሥራ ያዘች። የትናየት ሞጣ ተመልሳ ተቀመጠች። ለፈተና በጠሯት ቦታዎች ሁሉ በጽሑፉ ታልፋለች፣ በቃሉ ትወድቃለች። አባቷ ምንም አላሉም። አለማለታቸው ከምንም በላይ ከበዳት።

እንዲህ እያለች ነው የቢቸናው ሥራ የመጣላት። ማኅበሩ በትራክተር የሚጎተት የእህል መውቂያ ማሽን ገዝቶ ነበር። ማሽኑ አንድ፣ አጥቢያው ብዙ ነው። በፊት ተራው የሚወጣው በዕጣ ነበርና ዕጣ በወጣ ቁጥር ጠብ አይጠፋም፤ ዕጣውን ያወጣው የእገሌ አማች ነው፣ የእገሌ የክርስትና ልጅ ነው ይባላል። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ፈረደ ሰለቻቸው።

«ተራውን ኮምፒውተር ያውጣው» አሉ። «ኮምፒውተር ዘመድ የለውም።»

የትናየት የአጥቢያዎቹን ስም፣ የክምሩን ብዛትና የመንገዱን ርቀት ከእሳቸው ተቀበለች። እሑዶችን አስወጣች፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በቀይ የተጻፉትን በዓላት አስወጣች። በተራው ቀን ያልቀረበ አጥቢያ ወደ መጨረሻ እንዲሄድ አደረገች፤ ይችን ራሷ ነበረች ያሰበቻት፤ ደስም ብሏት ነበር። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ያማረ ነበር። አንድም እንከን የሌለው፣ ቢሞክሩት የማይደናቀፍ ሥራ ነበር።

የአጥቢያ ተወካዮች ተሰብስበው የተራውን ወረቀት በማኅተም ሲቀበሉ አቶ ፈረደ ተነስታ እንድታስረዳ ጠየቋት። «ወረቀቱ ላይ አለ» ብላ ተቀመጠች። እሺ ይበልጣል ከሺ ነውና ሁሉም እሺ አሉ፤ ቆመው ተቀብለው፣ እጅ ነስተው ወጡ። የደብረ ሥላሴ ሰዎች እሺ አሉ፤ የጊዮርጊስ ሰዎችም ኅዳር ሃያ ሦስት የሚለውን አይተው እሺ አሉ።

ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን የትራክተሩ ሹፌር ደምለው ማሽኑን ጎትቶ ጊዮርጊስ አጥቢያ ደረሰና ስልክ ደወለ።

«ኢንጅነር፣ ከክምሩ ዘንድ ሰው የለም።»

«አልቀረቡም?»

«አልቀረቡም።»

«እሺ፣ ወደሚቀጥለው ሂድ» አለችው። ፕሮግራሙም ጊዮርጊሶችን ወደ መጨረሻ ወሰዳቸው።

እንግዲህ በዚያ በደመናው ቀን ቢሮው ድረስ የመጡት የጊዮርጊስ ሰዎች ናቸው። አንዱ አያ ፋንታ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ሌላዋ ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬታቸውን በእኩል፣ ምርቱን ከአራሹ ጋር ለሁለት እየተካፈሉ፣ የሚያሳርሱ ሴት ነበሩ። አያ ፋንታ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደኅንነት ጠየቁ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ሰላምታውን ዘለሉት።

«ተራ አውጪዋ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለካ ሰው ነሽ! እኛማ ኮምፒውተሩ ነው ተብለን፣ ማንን እንደምንራገም ጨንቆን ነበር።»

«አንቺ ሴት፣ ቀስ» አሉ አያ ፋንታ። ከዚያም ወደ የትናየት ዞረው፣ «ማሽኑ መቼ ነው የሚመጣልን ልጄ?» አሉ።

የትናየት ፈልጋ አገኘች። «ለገና ሰሞን ነው።»

«ለገና! ሰማዩን አይተሽዋል?» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ።

የትናየት ዞር ብላ በመስኮቱ አየች። ያኔ ነው ያየችው።

«ተራችሁ ኅዳር ሃያ ሦስት ነበር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አልቀረባችሁም።»

«አልቀረባችሁም ተባልን፣ ይሰማሉ አያ ፋንታ? ቀርበን ነበር እንጂ! ቤተ ክርስቲያን!»

አያ ፋንታ በትዕግሥት አስረዱ። በጊዮርጊስ አጥቢያ በሃያ ሦስት ቀን የሚወቃ የለም፤ ወቅቶም በሰላም የሚያድር የለም። ወረቀቱን ሲያዩ ቢሮው ማግስቱን ማለቱ ነው ብለው አሰቡ። ማግስቱ ተክለ ሃይማኖት ቢሆንም በእነሱ ዘንድ ሥራ አይከለከልም፤ የሚከለከልበት ሌላ አጥቢያ አለ። በማግስቱ ከጧት ጀምሮ ጠበቁ። ማሽን ይመጣል ተብሏልና አውድማ አልለቀለቁም፤ ለመተጋገዝ ወንፈልም አልተጠራሩም። ወይዘሮ ይርጋነሽማ ክምራቸውን አፍርሰው፣ ነዶውን ለማሽኑ እንዲመች ዘርግተው ነው የጠበቁት፤ በኋላም መልሰው እንዳይከምሩት የሚያግዛቸው አጡ፤ ሁሉም ነገ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ይላል።

«ታዲያ ወረቀቱን ስትቀበሉ ለምን አልተናገራችሁም?» አለች የትናየት።

«ለማን? ለማኅተሙ?» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ።

«ደግሞስ» አሉ አያ ፋንታ፣ «የጊዮርጊስ ቀን መቼ እንደሆነ ለክርስቲያን ልጅ መንገር ስድብ መሰለን። የማን አጥቢያ ነሽ አንቺስ?»

«የሞጣ ጊዮርጊስ» አለች የትናየት።

ወይዘሮ ይርጋነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈን አድርገው ሳቁ። የደስታ ሳቅ አልነበረም። «የገዛ ታቦቷን ነው የረሳች!»

አልረሳችውም። እናቷ በሃያ ሦስት እንዝርት አይነኩም፤ እሷም ዩኒቨርሲቲ እያለች እንኳ በዚያ ቀን ልብስ አታጥብም ነበር። ሰው እንደሚተነፍስ ፕሮግራም ውስጥ የሚጽፍ የለም፤ ለእሷም ነገሩ እንደዚያ ነበር። አቶ ፈረደም ያውቃሉ፤ ደምለውም ያውቃል። የሁሉም ዕውቀት በየሆዱ ነበር። እሷ አልጠየቀችም፤ እነሱም የምታውቅ መስሏቸው ዝም አሉ።

የትናየት ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ቀኖቹን የምታስተካክልበትን መስመር ታውቀዋለች፤ ጣቶቿም ወደዚያው ሄዱ። አቶ ፈረደ ከውስጥ ክፍል ወጥተው ነገሩን ሰሙና ከኋላዋ ቆሙ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ተራውን እያስተካከልኩ ነው።»

«ከዚያስ? ማሽኑ አሁን ሥላሴዎች ዘንድ ነው። ለሚጮህ ማሽን ወረቀት ታነቢለታለሽ?»

«እርስዎ ቢነግሯቸው...»

«እኔ ዕጣ ሳወጣ የተሰደብኩት ይበቃኛል። የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ሄደሽ አንቺው ተናገሪ» አሉና የባጃጅ ሂሳብ አውጥተው ሰጧት።

የባጃጁ መንገድ እስካለቀበት ሄዱ፤ ከዚያ በእግር ሆነ። አያ ፋንታ በዱላቸው እየተመረኮዙ ቀድመው፣ ወይዘሮ ይርጋነሽ ሰማዩን እያዩ፣ የትናየት የምትለውን ቃል በልቧ እያሰናዳች። ከዩኒቨርሲቲው መምህር ፊት የቆመችበት ቀን ትዝ አላት፤ ምሥራቅ ከጎኗ አልነበረችም።

ሥላሴ አውድማ ሲደርሱ ማሽኑ ገለባውን ወደ ላይ እየረጨ ይጮሃል። ሰዉ አፍ አፍንጫውን በጨርቅ አስሯል። ደምለው ሲያያቸው ሞተሩን አጠፋውና ድንገት ጸጥ አለ። ይህ ደግሞ ይብስ ነበር፤ ሁሉም ወደ የትናየት ዞረ።

«ሲስተሙ ላይ ስህተት ስለተፈጠረ» ብላ ጀመረች፣ «የተራው አወጣጥ እንደገና...»

«ሲስተም ማን ነው?» አለ ሰማው የሚባል የሥላሴ ሰው፣ መንሹን እንደተደገፈ። «የቢቸና ሰው ነው?»

ሳቅ ሆነ። ሌላው ተቀበለ፤ «ካጠፋስ ራሱ መጥቶ ይቅርታ ይበል እንጂ፣ ሴት ልጅ ይልካል እንዴ?»

የትናየት ያሰናዳችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። ወደ ቢቸና የሚወስደውን መንገድ ዞር ብላ አየችው። ወይዘሮ ይርጋነሽ ግን ከኋላዋ ቆመዋል፤ ማለፊያ አልነበረም።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። «ሳልጠይቅ ጻፍኩት። አሁን ልጠይቃችሁ። ዛሬ ቢዘንብ የማን ጤፍ ነው የሚጎዳው?»

ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። አንዱ ክምሩ ክዳኑ የተስተካከለ ስለሆነ የታኅሣሥ ዝናብ አይገባውም አለ። ሌላው የእሱ ከካህናቱ ሰፈር በላይ፣ ውሃ ከማይቆምበት ነው አለ። የሰማው ክምር ግማሹ ማሽን ውስጥ ግማሹ ውጪ ስለሆነ ሳያልቅ አይነካም። ወይዘሮ ይርጋነሽ ደግሞ የእሳቸው ነዶ ተዘርግቶ እንዳለ ተናገሩ። የትናየት ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረች ጠየቀች፣ ሰማች፣ የሰማችውንም ደግማ «እንዲህ ማለትህ ነው?» አለች። ንግግር አልነበረም። ንግግር ስላልነበረ ይሆናል የቻለችው።

«እሺ፣ የኛ ይቆይ» አለ ሰማው በመጨረሻ። «ማሽኑ ሄዶ ዝናቡ ቢውል ቢያድርስ? የእኛን ማን ይወቃልናል?»

አያ ፋንታ ወደ ፊት ራመድ አሉ። «በሬዎቻችንና ጎልማሶቻችን ወንፈል ይመጡላችኋል። እኔ ዋስ ነኝ።»

«ለመብሉስ?»

«ጾም ነው፣ ሆዳም!» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ። «ሽሮ አታጣም።»

ሰማው ራሱ ሳቀ። የእሱን ክምር ጨርሰው ማሽኑን ለቀቁ።

ትራክተሩ ላይ ከደምለው ጎን ተንጠልጥላ ስትሄድ የትናየት፣ «መንገዱ እስከ ወይዘሮ ይርጋነሽ አውድማ ይወስዳል?» አለችው።

ደምለው ቀና ብሎ አያት። «ወይ ጉድ! ማሽኑን መንዳት ከጀመርኩ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አይወስድም። ፈፋ አለ፤ ትራክተር አይሻገረውም።»

«እና ተራቸው ቢደርስስ ኖሮ?»

«ሰው ይሸከመው ነበራ። አንቺም የምታውቂ መስሎኛል።»

ጊዮርጊስ አጥቢያ ሲደርሱ፣ የማዶው እስኪሻገር ከፈፋው ወዲህ ያሉት ክምሮች ወደ ማሽኑ ገቡ። ወዲያ ማዶ የወይዘሮ ይርጋነሽ ነዶ ተዘርግቶ ነበር። የትናየት ሰዎቹን አሁንም ጠየቀች፤ ማን ማሽኑ ዘንድ ይቅር፣ ማን ይሸከም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ተከፋፈሉ። ነዶውን በጫንቃቸው፣ በራሳቸው እያደረጉ ፈፋውን ወርደው ወጡ። የትናየትም ተሸከመች። ቆዳ ጫማዋ ያንሸራትታት ስለነበር ጥቂት ነው ያደረሰችው፤ ከዚያ ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ «ተይው ልጄ፣ ነዶው ላይ ትወድቂበታለሽ» አሏት።

ዝናቡ የመጣው የሴትዮዋ ጤፍ እኩሌታው ከተሻገረ በኋላ ነው። አስቀድሞ አላካፋም፤ አንዴ ወረደ። ሰዉ ማሽኑ ዘንድ የደረሰውን በሸራ፣ በቁርበት፣ በለበሰው ጋቢ ሸፈነ። ማዶ የቀረውን የሚሸፍነው አልተገኘም። ወይዘሮ ይርጋነሽ ከዛፍ ሥር ቆመው አዩት። አላለቀሱም፤ አልተራገሙም። «እግዜር እኩል አራሽ ሆነ» አሉ ብቻ።

ማዶ የቀረው ጤፍ ጠቆረ፤ ግማሹም በቀለ። በአጥቢያው ውስጥ ሌላ የተጎዳ አልነበረም። ሰማው በማግስቱ የጊዮርጊስን በሬዎች አይቶ፣ «እነዚህ ከኮምፒውተሩ ይሻላሉ» ብሎ ቀለደ ተባለ።

አቶ ፈረደ አልተቆጡም። በተከታዩ እሑድ የትናየትን ጠርተው፣ ከቅዳሴ በኋላ በየደጀ ሰላሙ እየሄደች የየአጥቢያውን ቀን እንድትጠይቅ ነገሯት። ሄደች። አንዱ አጥቢያ አቦን ያከብራል፤ ጎረቤቱ ግን በዚያው ቀን ያርሳል። አንዱ ዘንድ ማጨድ ይከለከላል፣ መሸከም አይከለከልም። ሌላው ዘንድ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም፤ እሷን አቁመው እርስ በርሳቸው ተከራከሩ። ፈፋውን፣ ድልድዩን፣ በሬ የሌለውንና ሰው የሌለውን ጠየቀች። መጀመሪያ ላይ ጥያቄዎቿን ከወረቀት ታነብ ነበር። እየዋለ ሲያድር ለመደችው። ወደደችው ማለት ግን አይደለም።

በሚቀጥለው ዓመት ማሽኑ ያለ ጠብ ዞረ። አቶ ፈረደ በጉባኤው ላይ ኮምፒውተሩን አመሰገኑ። ወዲያውም አንድ ነገር ወሰኑ፤ ከገበሬው ጋር የሚነጋገር ሰው እንጂ ኮምፒውተር የሚነካ አልጠፋም አሉ። የትናየትን ወደ አባላት ጉዳይ አዛወሯት። በእሷ ቦታ ሽታሁን የሚባል አዲስ ምሩቅ ተቀጠረ፤ ኮድ ሲጽፍ እጁ ይፈጥናል፣ ሰው ሲገባ ቀና አይልም። ፕሮግራሟን ከፍቶ እንደገና ሠራው፤ የእሷ የነበረው እየተነሳ በአዲስ ተተካ። የትናየት ከጀርባው ቆማ አንዳንዴ ታይ ነበር። አንድ ቀን፣ «ሰዎቹን አነጋግረሃቸዋል?» አለችው። «አንቺ አለሽ አይደል?» አላት። እውነቱን ነው።

እናቷ ከሞጣ ሲደውሉ፣ «ያ ቴሌቪዥን የሚመስለውስ?» ይሏታል። «ሌላ ልጅ ይዞታል» ትላቸዋለች።

የትናየት አሁንም ቢቸና ናት። ከማኅበሩ ቢሮ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታለች። በሳምንት ውስጥ ብዙውን ቀን በየአጥቢያው ስትዞር ትውላለች፤ ኮድ መጻፍ ትታለች።